ልጄ አማርኛ ይገባዋል ግን በስዊድንኛ ነው የሚመልሰው፤ ክረምቱን መንዝ ልወስደው ነው፣ ምን ትመክሩኛላችሁ?

የመሐል ሜዳዋ

ሰላም የሰሜን ሸዋ ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ? ነገሩ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

እኔ መሐል ሜዳ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። ባለቤቴ የደብረ ሲና ልጅ ነው። የምንኖረው ስዊድን ነው፣ ሁለት ልጆች አሉን። ትልቁ ስድስት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ነሐሴ ላይ ትምህርት ቤት ገብቶ ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለውን የዝግጅት ክፍል ይጀምራል። ትንሿ አራት ዓመቷ ነው። እኔና አባታቸው ቤት ውስጥ የምንነጋገረው በአማርኛ ነው፣ ልጁም አፉን የፈታው በአማርኛ ነው። ዳጊስ (የዚህ አገር መዋዕለ ሕፃናት) ከገባ በኋላ ግን ቀስ በቀስ እየተወው መጣ። አሁን የምለው ሁሉ ይገባዋል። «ጫማህን ከመተላለፊያው ላይ አንሳ፣ እህትህ ትወድቃለች» ስለው ሄዶ ያነሳል። መልሱ ግን ሁልጊዜ በስዊድንኛ ነው። ትንሿ ደግሞ እሱን እያየች አማርኛውን ገና በወጉ ሳትይዘው ልትተወው ነው። ሁለቱ ሲጫወቱ አንድም የአማርኛ ቃል አይወጣቸውም።

እናቴ መሐል ሜዳ ናት፣ ከአማርኛ ሌላ አታውቅም። እሑድ እሑድ በቪዲዮ እንደውላለን። «እንደምን ዋልክ የኔ ጌታ? በላህ? ብርዱስ እንዴት አደረገህ?» ትለዋለች። ሁሉም ይገባዋል፣ ግን ራሱን እየነቀነቀ ነው የሚመልሰው። እዚያ ደግሞ ኔትወርኩ ምስሉን ቀጥ ያደርገዋል፣ እሷ የምትጠብቀው ድምፅ ነው። «ምነው ይሄ ልጅ አይሰማኝም እንዴ?» ትላለች። ከዚያ እኔ መሃል እገባና «ደህና ነኝ እያለሽ ነው» እላታለሁ። በገዛ እናትና በገዛ ልጅ መካከል አስተርጓሚ መሆን እንዴት እንደሚያንገበግብ የደረሰበት ያውቀዋል።

በቅርቡ ደግሞ የዳጊሱ አስተማሪ ጠርታን «ትምህርት ቤት ሲገባ እንዳይከብደው ቤትም ውስጥ ስዊድንኛ ብታወሩት ይሻላል» አለችን። ባለቤቴ ወደ እሷ ሐሳብ አዘነበለ። የልጁን ትምህርት አስቦ ነው፣ አልፈርድበትም። የኔ ልብ ግን እሺ አላለኝም።

እና ጥያቄዬ፣ እውነት ሁለት ቋንቋ ልጅ ያደናግራል? ሌላው ደግሞ ዘንድሮ ክረምቱን መሐል ሜዳ እናቴ ጋ ልንወስዳቸው ነው። እንዲሁ ወስዶ ማስቀመጥ ይበቃል ወይስ የሚደረግ ነገር አለ? ልጆች ይዛችሁ የመጣችሁ፣ ወይም እዚያው ሆናችሁ ከውጭ የመጡ ልጆች ያያችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።

ስቶክሆልም ነኝ

እህቴ፣ ምክሩን እንዳትሰሚ። የስዊድን የትምህርት ሕግ ራሱ ከአስተማሪዋ ጋር አይስማማም። ሕጉ የሚለው፣ ሌላ የእናት ቋንቋ ያላቸውን ልጆች ዳጊሱ ስዊድንኛቸውንም የእናት ቋንቋቸውንም እንዲያዳብሩ ማገዝ አለበት ነው። ይህንኑ ለኃላፊዋ በትሕትና ንገሪያት።

አሁን ዋናውን ስሚኝ። አንደኛ ክፍል ሲገባ የእናት ቋንቋ ትምህርት መጠየቅ ትችላላችሁ። በኮሙኑ (በአካባቢያችሁ ማዘጋጃ ቤት) ውስጥ ቢያንስ 5 ተማሪዎች ቋንቋውን ከፈለጉና ብቁ አስተማሪ ከተገኘ ኮሙኑ የማዘጋጀት ግዴታ አለበት። ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። ቋንቋው ቤት ውስጥ በየቀኑ የሚነገር መሆን አለበት፣ ልጁም መሠረታዊ ችሎታ ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ አሁን በምክሯ ሄዳችሁ አማርኛውን ከቤት ካስወጣችሁት፣ ነገ ፊደል የሚቆጥርበትን ክፍል ራሳችሁ ዘጋችሁበት ማለት ነው። ይህን ለባለቤትሽ አንብቢለት።

አምስት ልጅ ካልሞላ ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ። በቤተ ክርስቲያኑም በለቅሶ ቤቱም በልደቱም ወላጆቹን አፈላልጊያቸውና ማመልከቻውን አብራችሁ አስገቡ። ትምህርቱ ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንዴ ናት፣ ብቻዋን ቋንቋ አታስይዝም። ግን ልጁ ሌሎች ልጆችም አማርኛ የሚማሩ መሆናቸውን በዓይኑ ያያል፣ ያ ቀላል ነገር አይደለም።

የሸዋ ሮቢት ልጅ

ሁለት ቋንቋ ልጅ ያደናግራል የሚል ሰው አንድ እሑድ ሰንበቴ ገበያ ወርዶ ይይ። ለማያውቁት፣ ከሸዋ ሮቢት ወደ አጣዬ ስትሄዱ የምታገኟት ናት። አፋሩ ግመሉን ይዞ ይወጣል፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አማራው ይመጣል። እናቴ እዚያ በርበሬ ትሸጥ ነበር፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ነው ያደግኩት። ለእናቴ በአማርኛ፣ ለደንበኛዋ በኦሮምኛ፣ ዋጋ ሲሆን ደግሞ ለአፋሩ በአፋርኛ ቆጥረን እንነግረዋለን። የሰባት የስምንት ዓመት ልጅ ሰውየውን አየት ያደርግና በየትኛው እንደሚያናግረው ያውቃል። ማንም አስቀምጦ ያስተማረን የለም፣ የተደናገረ ልጅም አላየሁም።

አንዱን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጀምሮ በሌላው ቢጨርሰው አትደንግጪ። ቀላቅሎ ማውራት የሁለት ቋንቋ ልጅ ሁሉ ጠባይ ነው፣ በሽታ አይደለም። ቃላቱንም ስትቆጥሪ የሁለቱንም ደምረሽ ቁጠሪ። በስዊድንኛ ብቻ ሲለኩት ወደኋላ የቀረ ይመስላል፣ አማርኛው ሲጨመርበት ግን ከማንም አያንስም። ልጁ በሁለቱም ቋንቋ አልናገር ካለ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ያኔ ጆሮውን አስመርምሩ፣ የንግግር ባለሙያም ይየው። ያንቺ ልጅ ግን በአንዱ ይንጣጣል አይደል? እንግዲያው ደህና ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ቋንቋ የሚጠፋው የግድ ባሕር ሲሻገሩ አይደለም። እዚሁ እኛ ዘንድ፣ ከአንኮበር ሥር በእነ አልዩ አምባ አካባቢ ያሉ አርጎባዎች፣ አብዛኛው ሰው ዛሬ አማርኛ ነው የሚናገረው። አርጎብኛው ጠንክሮ የቀረው እንደ ሾንኬ ባሉ መንደሮች ነው። ሰው ከቤቱም ከመስጊዱም ሳይወጣ ነው ቋንቋው የሄደው። ወላጅ ለልጁ በራሱ ቋንቋ ማውራት ካቆመ አንድ ትውልድ ይበቃል። ስለዚህ አትዘናጉ።

ታርማበር ማዶ

እኔ ትንሽ የተለየ ሐሳብ አለኝ፣ እንዳትቀየሙኝ። ኖርዌይ ነው የምኖረው። ከጎረቤቴ ካለ የሐበሻ ቤተሰብ ያየሁትን ልንገራችሁ። አባትየው «በአማርኛ ካልጠየቅክ የለም» የሚል ሕግ አወጣ። አንድ ቀን እኔ ቤታቸው ቁጭ ብዬ ልጁ ውሃ ጠየቀ። አባትየው «በአማርኛ በል» አለው። ልጁ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ወንበር ጎትቶ ከቧንቧው ቀድቶ ጠጣና ክፍሉ ገባ። ያ ልጅ ዛሬ ጎረምሳ ነው። አማርኛም አልያዘ፣ ከአባቱም ጋር በየትኛውም ቋንቋ ብዙ አያወራም።

ልጁ የሚማረው እዚያ፣ የሚሠራው እዚያ፣ ምናልባትም የሚያገባው እዚያ ነው። አያቱ ደስ ይበላት ተብሎ የልጁ ቤት የጭቅጭቅ ቤት እንዳይሆን ነው የኔ ፍርሃት። ከያዘው እሰየው። ካልያዘም ፍቅሩ ይቅደም እላለሁ።

የምንጃሩ

ወንድሜ ታርማበር፣ በውሃው ነገር መቶ በመቶ እስማማለሁ። ልጅ ተጠምቶ ፈተና አይሰጠውም። ግን ከዚያ ተነስተህ «ካልያዘም ይቅር» ማለትህን አልቀበልም። በማስገደድና በመተው መካከል ሰፊ ቦታ አለ።

እኔ ያለሁት አሜሪካ ሜሪላንድ ነው፣ ልጆቼ አሁን ጎረምሶች ናቸው። እዚህ አካባቢ አማርኛ አልቸገረንም። ሱቁ፣ ጋራዡ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አማርኛ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ እንደውም ከ2004 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሕግ፣ ዋና ዋና የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከእንግሊዝኛ ሌላ የሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አሉ፣ አንዱ አማርኛ ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ ግን የሰፈራችን ልጆች እርስ በርስ የሚያወሩት በእንግሊዝኛ ነው። ለምን? አማርኛ የሚያወራቸው ሰው ሁሉ እንግሊዝኛም እንደሚችል ያውቃሉ። ልጅ የሚያስፈልገውን ቋንቋ ነው የሚናገረው። አማርኛ ብቻ የሚችል፣ ልጁም የሚወደው ሰው ያስፈልገዋል። አንቺ ደግሞ ያ ሰው አለሽ፣ እናትሽ ናት።

እኛን የጠቀመን ቴሌግራም ነው። አረርቲ ያሉ የወንድሜ ልጆችና የኔዎቹ አንድ ግሩፕ አላቸው፣ ትልልቆች አንገባበትም። መጀመሪያ በድምፅ መልእክት ነበር። የድምፅ መልእክት ለዓይናፋር ልጅ ጥሩ ነው፣ ካልጣመው ሰርዞ ደግሞ ይቀዳል፣ ፊት ለፊት ቆሞ የሚጠብቀው ሰው የለም። ኔትወርክ ቢቆራረጥም ይደርሳል። ከዚያ ኳስ መጣ። የወንድሜ ልጅ የአርሴናል ደጋፊ ነው፣ የኔው ደግሞ የማንቸስተር። ግሩፑ ላይ ያኛው በፊደል እየጻፈ ሲሰድበው የኔው ማንበብ አቃተውና ተቃጠለ። ፊደሉን የቆጠረው ለዚያ ነው። እኔ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩትን ገበታ ለዓመታት ዞር ብሎም አላየውም ነበር።

ቤት ውስጥ ደግሞ እንዲህ አድርጊ። በስዊድንኛ «ወተት እፈልጋለሁ» ሲልሽ አትቆጪው፣ ያልገባሽም አትምሰዪ። «ወተት ልቅዳልህ? ትኩስ ነው ቀዝቃዛ?» በይው። የፈለገውን ቃል በአማርኛ ሰማው፣ የሚመልሰውም አንድ ቃል ብቻ ነው። «ትኩስ» ካለ በቂው ነው። «አዎ» እና «አይ» ብቻ የሚያስመልስ ጥያቄ አታብዢ፣ ራሱን ነቅንቆ ያልፍሻል።

መምህርት ከደብረ ብርሃን

ልጄ፣ እኔ እዚህ ደብረ ብርሃን መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ብዙ ዘመን ያስተማርኩ ነኝ። በየክረምቱ ሰፈራችን ከውጭ የሚመጡ ልጆች አሉ፣ ቤቴም ይመጣሉ። የሚከፍታቸውንም የሚዘጋቸውንም አይቻለሁና የማውቀውን ልጻፍልሽ።

የሚዘጋቸው የመጀመሪያው ቀን ነው። ልጁ ሌሊቱን በአውሮፕላን፣ ቀኑን በመኪና መጥቶ ገና ሳያርፍ ጎረቤት ሁሉ ይሰበሰባል። «እስቲ አማርኛ ተናገር! እስቲ እኔ ማን ነኝ?» ይባላል። አንድ ከጀርመን የመጣ ልጅ ነበር፣ ዕድሜው ካንቺው ልጅ ጋር ይቀራረባል። አማርኛው ደህና ነበር፣ ግን የለመደው ከእናቱ ጋር ማውራት ነው። አያቱ ደጅ ላይ ቆመው ሳለ ምሳ ቀረበና ልጁ በደስታ ሮጦ «አባባ ነይ ብዪ!» አላቸው። ግቢው በሳቅ ተሞላ። ሰው በክፋት አልሳቀም፣ ጣፍጧቸው ነው። አያትየውም አቅፈው ሳሙት። ልጁ ግን ፊቱ ሲቀላ ዓይኔ እያየ ነው፣ እናቱ ቀሚስ ውስጥ ገባ። እስኪሄዱ ድረስ በጀርመንኛ እንጂ ሌላ አልተነፈሰም። ስለዚህ እናትሽን አስቀድመሽ በስልክ አስጠንቅቂልኝ። ቢሳሳት አይሳቅ፣ እርማትም አይደርደርበት። «እሺ መጣሁ፣ አንተም ና ብላ» ብለው ትክክሉን በመልሳቸው ውስጥ ያሰሙት። ጎረቤቱም የመጀመሪያዎቹን ቀናት ይታገሥ። እርስዎ እና አንቱ ማለቱን ኋላ ይደርስበታል።

የሚከፍታቸው ደግሞ ልጅና ሥራ ነው። ልጅ ስልሽ ዕኩያውን። ኩኩሉ ሲጫወቱ አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ «ኩኩሉ!» ሲል የተደበቁት «አልነጋም!» ካላሉ ጨዋታው አይሄድም። ማንም «ተናገር» ሳይለው ጮኾ ይናገራል። ብይ ሲጫወት ይከራከራል፣ ክርክር ደግሞ ቋንቋ ያወጣል። ሥራ ስልሽ ትንንሹን ነው። ከዶሮዎቹ ሥር እንቁላል ያምጣ፣ ሲመሽ ከልጆቹ ጋር በጎቹን ይመልስ፣ ለአያቱ ጭራሮ ያቀብል፣ ጎረቤት ሄዶ ወንፊት ተውሶ ይምጣ። ወንፊቱን ለማምጣት በር ላይ ቆሞ አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር አለበት፣ ይዞ ሲመለስም የሚሰማውን ኩራት ታዪዋለሽ።

አሁን ከባዱን ልንገርሽ። አንቺ ጥቂት ቀን ጥፊ። አስተርጓሚ ቤት ውስጥ እያለ ልጅ ለምን ይደክማል? ሲቸግረው ዞር ብሎ አንቺን ነው የሚያይ። መጀመሪያ አብረሽው ሰንብቺ፣ አያቱን ይልመድ፣ ቤቱን ይወቅ፣ የሚያመውን የሚበላውን እናትሽ ትወቅ። ከዚያ ዘመድ ጥየቃ ብለሽ ውጪ። የመጀመሪያውን ማታ ሊያለቅስ ይችላል። እናትሽ ስንት ልጅ ያሳደጉ ናቸው፣ ያውቁበታል።

የዳጊሷን ነገር በተመለከተ፣ እኔም አማርኛ ሳይሆን ኦሮምኛ አፍ የፈቱ ልጆች ተቀብዬ አስተምሬያለሁ። በቤቱ ቋንቋ ተረት የተነገረው፣ ለምን ብሎ ሲጠይቅ በደንብ የተመለሰለት ልጅ የትምህርት ቤቱንም ቋንቋ ቶሎ ነው የሚይዘው። የሚቸገረው በየትኛውም ቋንቋ ማንም በደንብ ያላወራው ልጅ ነው። ወላጅ ራሱ በማይመቸው ቋንቋ ሲያወራ ደግሞ ወሬው ያጥራል፣ «ብላ፣ ተኛ፣ ተው» ብቻ ይሆናል።

ታርማበር ማዶ

እትዬ መምህርት፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዲህ ከሆነ እኔም ተቃውሞ የለኝም። የኔ ፍርሃት ማስገደዱ ነበር። እንደውም የኔም ልጅ አምስት ዓመቷ ነው፣ በኩኩሉው ልጀምር ነው።

የመሐል ሜዳዋ

ሁላችሁንም እግዜር ያክብርልኝ። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጦ አብረን ነው ያነበብነው። የኮሙኑን ቅድመ ሁኔታ ሲሰማ «እንግዲያው አማርኛው ከቤት አይወጣም» ብሎ ቆረጠ። ሦስት የሐበሻ ቤተሰቦች አውቃለሁ፣ በዚህ ሳምንት እደውልላቸዋለሁ።

እትዬ፣ ሁለት ነገር ልጠይቅዎት። እዚህ ትምህርት ቤት በእነሱ አቆጣጠር ከጁን አጋማሽ እስከ ኦገስት አጋማሽ ነው የሚዘጋው። ያ ደግሞ ዋናው ዝናብ ነው። መንዝ በሐምሌ እንዴት እንደሆነ እርስዎም ያውቁታል፣ ጭቃው፣ በረዶው፣ ጉሙ። ለልጆቹ ይከብድ ይሆን? ለጥር ባስተላልፈው ይሻላል? ሌላው፣ እኔ ጥቂት ቀን ስወጣ አራት ዓመቷንም ትቻት ልሂድ? እሷን መለየቱ ሆዴን ባር ባር አለው።

መምህርት ከደብረ ብርሃን

ለጥር አታስተላልፊው። በጥር ሰማዩ ጥሩ ነው፣ ግን የሰፈሩ ልጆች ቀኑን ትምህርት ቤት ናቸው፣ ልጅሽ ከትልልቅ ሰው ጋር ብቻውን ይውላል። የእኛም ትምህርት ቤት የሚዘጋው በክረምት ስለሆነ በሐምሌ ልጆቹ ሁሉ ቤት ናቸው። ነሐሴ ሲገባ ደግሞ ለቡሄ ጅራፍ መግመድና ሆያ ሆዬ መለማመድ ይጀምራሉ። ነሐሴ 13 ድረስ ባትቆዩ እንኳ ልምምዱ ላይ ይደርሳል፣ እሱ ነው ዋናው። ተቀባይ ሆኖ «ሆ!» ማለት ለማንም አይከብድም፣ ግጥሙን ሳያስበው ይይዘዋል።

ትንሿን አትተያት፣ ይዘሻት ሂጂ። አንደኛ ገና ናት። ሁለተኛ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ካሉ እርስ በርስ በስዊድንኛ ነው የሚጫወቱት፣ የሰፈር ልጅ አያስፈልጋቸውም። አባቷ የደብረ ሲና ልጅ ነው ብለሻል አይደል? እሷን ወደ አባቷ ቤተሰቦች ውሰጃት። እዚያ ብርዱም ይቀላታል፣ ሌላኛዋ አያቷም ታገኛት። ልጁ መሐል ሜዳ፣ እሷ ደብረ ሲና፣ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ይያዙት። ሲገናኙ ማን ምን እንዳወቀ ይፎካከራሉ።

መሐል ሜዳ ከ3000 ሜትር በላይ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን ቀናት አታሯሩጧቸው፣ ራስ ምታት ሊሰማቸው ይችላል። ውሃውን አፍልታችሁ ስጧቸው። ከማያውቁት የግቢ ውሻ ይራቁ፣ የመንዝ ውሻ በግ ጠባቂ ነው፣ እንግዳ አይወድም። ሹራቡን እናትሽ አያጡለትም። ቡትስ ግን ከዚያው ይዛችሁ ኑ፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ ቁጥር ከፍ ያለ፣ ከወፍራም ካልሲ ጋር እንዲገባ።